ደመኛው የጡት ልጅ

ድንቄም እርቅ! የዝና ይቺን ቃል በሰማች ቁጥር ወደ ምድጃው አመድ እንትፍ ትል ነበር። ልጇ ሰጠኝ ከተገደለባት ወዲህ ጠጉሯን ቅቤ አልነካውም፤ ከመደብ ወርዳ መሬት ላይ ነው የምትተኛው፣ ያውም ቢላዋዋን ከራስጌዋ አድርጋ። ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም ጸሎቷ አጭር ነበር። «ያንን ልጅ እጄ ላይ ጣልልኝ፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ፈቀድህ አድርገኝ» ትላለች። ሌላ ነገር መለመን ትታለች። እግዜርም መልስ ሳይሰጣት ክረምቱ ገባ፣ ወጣ።

ያ ልጅ የምትለው ኻሚስን ነው፤ ከወንዙ ማዶ ያለ የበርታ ገበሬ፣ ገና ጢሙ በቅጡ ያልወጣ ጎረምሳ። ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። የንጉሡ ጦር የቤኒሻንጉልን ሼኾች አስገብሮ በአሶሳ በኩል ሲሰፍር፣ የዝናም ከወንድሟና ከአንድ ልጇ ጋር ከጎጃም ዓባይን ተሻግራ መጣች፤ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ዳርም ጎጆ ቀለሰች። ባሏ ድሮ ሞቷል፤ ያላት ሰጠኝ ብቻ ነው። ሰጠኝ ደግሞ ጠመንጃ ሲሰጡት ልቡ አበጠ። አንድ ቀን ከጓደኞቹ ጋር ማዶ ተሻግሮ ፍየልም ሰውም ነድቶ መጣ። ከነዳቸው ሰዎች ዓኢሻ የምትባለዋን ልጃገረድ ለእናቱ አስረከባት። «በይ፣ ከእንግዲህ ወፍጮሽን ራስሽ አትፈጪም» አላት እየሳቀ። የዝና ምን አለችው? «ልቀቃት» አለችው? የለም! እውነቱ ይነገር እንጂ፣ አገላብጣ ስማ መረቀችው።

ብዙም ሳይቆይ የዓኢሻ ወንድም ኻሚስ ሰጠኝን ወንዙ መሻገሪያ ላይ ጠብቆ በጦር ወጋው። ሬሳው በሰው ትከሻ መጣ። የሰፈሩ አለቃ የዚያኑ ቀን መንደሩን ላቃጥል ብሎ ጦሩን ሲያስነሣ፣ የየዝና ወንድም አባ ገብረ ሥላሴ መስቀሉን እንደያዘ መንገዱ ላይ ተጋደመና «በእኔ ላይ ረግጣችሁ እለፉ» አለ። ቄስ ረግጦ የሚያልፍ ክርስቲያን ከየት ይገኛል? ጦሩ ተመለሰ። የዝና ይህን ለወንድሟ አልረሳችለትም። ለሌላው ሰው አባ ነው፣ ለእሷ ግን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ገብሬ ነው፤ ያዘለችው ልጅ ለደመኛዋ ቆመ ስትል አንጀቷ አረረ።

ዓኢሻንም አልለቀቀቻትም። ለወፍጮው ብላ አልነበረም፤ ከእሷ ወዲያ ፈጪ አይጠፋም። ወንድምየው በሕይወት እስካለ ድረስ እህቱ እዚህ ድንጋይ ላይ ተጎንብሳ ትኑርለት ብላ ነው። አትመታትም፤ ግን አታናግራትም። እህሉን ከፊቷ ታስቀምጣለች፣ ዱቄቱን ታነሣለች፣ አለቀ። ልጅቷም በራሷ ቋንቋ አንድ ነገር እያንጎራጎረች ትፈጫለች፤ የዝና ያን እንጉርጉሮ ስትሰማ «አልቅሺ፣ እሰይ፣ አልቅሺ» ትላለች በሆዷ።

አባ ገብረ ሥላሴ ግን አርፎ የሚቀመጥ ሰው አይደለም። ሰላም ማውረድ የተቀባሁበት ሥራ ነው ብሎ ማዶና ወዲህ ሲመላለስ ጫማ እግሩ ተሰነጣጠቀ። የማዶዎቹን ሽማግሌዎች ለመነ፤ የወዲህኞቹን ለመነ። መጀመሪያ እንደ ደንቡ የእርቅ ሰንጋ ይታረድና አብረው ይብሉ ተባለ። ወይ ጉድ! ማን አሰበው? ክርስቲያኖቹ «በስመ አብ» ብለው ሰንጋውን ጣሉት፤ ቀዩን ቁርጥ በትሪ ደርድረው ሲጠብቁ የማዶ ሰዎች አንድ ጉርሻ አልነኩም። እንዴት ይንኩ፣ በቢስሚላህ ያልታረደ! ይታረቁ የተባሉት ሰዎች «ሥጋችንን ተጸየፉ»፣ «ሃይማኖታችንን ሊያስለቅቁን ነው» ተባብለው፣ ከመጡበት የበለጠ ተኳርፈው ተለያዩ። የዝና ያን ቀን ብቻ ሳቀች።

አባ አሁንም አልተወም። አስቦ አስቦ አንድ ነገር ይዞ እህቱ ቤት መጣ።

«እትዬ፣ ማር ይታረዳል?» አላት ገና ሳይቀመጥ።

«ደግሞ አበድክ?»

«አይታረድም። እስላምም ይበላዋል፣ ክርስቲያንም ይበላዋል። ጾመኛም አይከለከለውም። ኻሚስ የጡት ልጅሽ ይሁን።»

የጡት ልጅ ማለት ምን እንደሆነ የዝና ታውቃለች፤ በአገሯ ስንት ጊዜ አይታለች። ገዳይ መጥቶ ከሟች እናት እግር ሥር ይንበረከካል፤ እሷ አውራ ጣቷን ማር ቀብታ በጡት ፈንታ ታጠባዋለች። ከዚያ ወዲያ እሱ ልጇ ነው። እሱን የነካ ልጇን ነካ፤ እሱም በዚያች ሰዓት የሚለምናትን አንድ ነገር አትከለክለውም። ብዙ ጊዜ የሚለምኑት ምርቃት ነው፤ ቢበዛ አንዲት ጥጃ።

አባ የእህቱን እርግማን ለመቀበል ትከሻውን ሰብስቦ ጠበቀ። እሷ ግን ሌላ ነገር ነበር የታያት፤ የኻሚስ ማጅራት። ተንበርክኮ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ ክንዷ በሚደርስበት ቦታ! እግዜር ለካ ሰምቶኛል አለች።

«እሺ» አለችው።

«ምን አልሽ?»

«እሺ አልኩህ። ደንቆሮ ነህ?»

አባ ደስ ሊለው ሲገባ ፊቱ ጠቆረ። የእህቱን እሺ ያውቃታላ! ልጅ ሳሉ እሺ ብላ ያልፈነከተችው የጎረቤት ልጅ አልነበረም፣ ያውም በግራ እጇ። የዝና ግራኝ ናት።

«በግራሽ አጥቢው እንዳልልሽ፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «እነሱ ዘንድ ግራ እጅ ወደ አፍ አይቀርብም። ስድብ ነው።»

«ማን በግራ አለ? በቀኝ ነው እንጂ» አለችና ፈገግ አለች።

ቀኟ ማሩን ይዞ ይቀርባል፤ ግራዋ ከነጠላው ሥር ነጻ ነው። አባም ይኸው ገባው።

«እትዬ፣ ለእኔ የቀለለኝ ይመስልሻል? ሰጠኝን ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። ያቺን ልጅ ነድቶ ሲያመጣ በዚህ በር ላይ ቆሜ አየሁ። አንድ ቃል አልተናገርኩም። የእህቴ ልጅ ነው፣ ወታደር ነው፣ ሁሉም ያደርገዋል ብዬ ዝም አልኩ። ያን ቀን አፌን ከፍቼ ቢሆን ልጁ ዛሬ ይኖር ነበር። መስቀል ይዤ የምዞረው ለጌጥ ነው? ጌታ በመካከል ገብቶ የሞተው እኛ ዳር ቆመን እንድናይ ነው?»

«እሱ የሞተው ወዶ ነው!» ብላ ጮኸች የዝና። «የእኔ ልጅ ወዶ አልሞተም! እኔ አምላክ አይደለሁም ገብሬ፣ እናት ነኝ። ውጣልኝ!»

እሱም ተነሥቶ ወጣ። ዓኢሻ ወፍጮው ላይ እጇን አቁማ ታዳምጥ ነበር። የዝና ቢላዋውን አውጥታ ሞረድ ላይ ታሸው ጀመር፤ ልጅቷ እያየች፣ አላፈረችም። እንዲያውም ትይልኝ አለች።

ቀኑ ደረሰ። ወንዙ በበጋ ጎድሎ ድንጋዩ ይታያል፤ ወዲህ በኩል ክርስቲያኖቹ፣ ማዶ በርታዎቹ ቆመዋል። የዝና በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ ማሩ በዋንጫ ከፊቷ ቀረበ። ዓኢሻ ከኋላዋ ቆማለች። የዝና ወንድሟን ፈለገች። መስቀሉን የያዘው ሌላ ቄስ ነው።

«ገብሬ የት ሄደ?» አለች።

የሰፈሩ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። «አባ ተሻግረዋል፤ ለማዶዎቹ መያዣ ሆነው። ኻሚስ በደኅና ካልተመለሰ አንገቴን ውሰዱ ብለዋቸዋል። እኛንም ገዝተውናል፤ የእኔን ደም የፈለገ ክርስቲያን ውጉዝ ይሁን፣ ነገሩ በእኔ ይቁም ብለዋል። ላንቺ አትንገሯት ብለው ነበር፤ እኔ ግን አላስቻለኝም።»

የዝና ቀና ብላ ማዶ አየች። እውነት ነው። ገብሬ ጥምጥሙን አውልቆ፣ ራሱን ተላጭቶ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ከኋላው ጦር የያዙ ሰዎች አሉ። ከአጠገቡ ደግሞ አንዲት ሽማግሌ ሴት ማጭድ ይዛ ቆማለች፤ ኡምኩልሱም ናት፣ የኻሚስና የዓኢሻ እናት። ልጇን ልካ መያዣውን ራሷ ልትጠብቅ የመጣች።

«አንተ ተንኮለኛ!» አለች የዝና በጥርሷ መሃል። ደሟ ፈላ። አሰረኝ፣ እጄን ሳይነካ አሰረኝ! እሺ፣ ራሱ ነው የፈለገው፤ ማን ተሻገር አለው? ግራ እጇ ከነጠላው ሥር ቢላዋውን ጨብጧል። ይቅር በለኝ ገብሬ ብላ ቆረጠች።

ኻሚስ ውሃውን ተሻግሮ መጣ። መሣሪያ የለውም፤ ከወገቡ በላይ ራቁቱን ነው። እግሯ ሥር ተንበረከከ። የዝና ቀኝ አውራ ጣቷን ማሩ ውስጥ ነክራ ዘረጋችለት። አፉን ከፍቶ ጎረሰ። ምላሱ የጥጃ ምላስ መሰላት፣ ሞቀ፣ ሻከረ። ማጅራቱ እዚያው ነው። አሁን አለች። አሁን ልጄ።

እሱ ጣቷን ለቀቀ። አንገቱን ግን አላቀናም።

«እናቴ፣ ዓኢሻን መልስልኝ» አለ። አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም።

ሕዝቡ ጉምጉም አለ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የእርቁን ነገር ሲጎነጉኑ የከረሙት ሁሉ የወንዱን ደም እንጂ የልጅቷን ነገር ያነሣ አልነበረም፤ አባ እንኳ ይቺን ከነካኋት ሁሉም ይፈርስብኛል ብሎ ለኋላ አስተላልፏት ነበር። ኻሚስ ግን ለእርቅ አልነበረም የመጣው፤ ለዚህች አንዲት ልመና ነው።

የዝና በቁጣ ጦፈች። «አንተ! እህቴን መልሺ ትለኛለህ? አንተስ ሰጠኝን ትመልስልኛለህ? መልስልኝ! አሁን መልስልኝና ውሰዳት!»

«አልችልም» አለ ኻሚስ። «ወላሂ፣ አልችልም። እሱ ዓኢሻን ሲወስድ እናቴ እግሩን ያዘ። ልጄን ተወው፣ እኔን ውሰደኝ አለ። እሱ ሳቀ። እኔ ጫካ ውስጥ ነበርኩ፣ ሰማሁ። ሲስቅ ሰማሁ።»

የዝና ሐሰት ነው ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ አልወጣላትም። ያን ሳቅ ከእሷ በላይ የሚያውቀው የለም። በዚህ ዓለም ከሰማችው ድምፅ ሁሉ የምትወደው እሱን ነበር፤ ቤት ሲገባ የሚቀድመው ሳቁ ነው። ያችን አሮጊት እግሩ ሥር አድርጎ እንዴት እንደሳቀ ቁልጭ ብሎ ታያት። ጥርሱ ሳይቀር ታያት። አፈረች፤ ማፈሯ ደግሞ ይብሱን አናደዳት።

ማዶ አየች። ኡምኩልሱም ማጭዱን ከያዘችበት አልነቃነቀችም። የምታየው ግን አባን አይደለም፣ ኻሚስንም አይደለም። ዓይኗ ከየዝና ትከሻ በላይ፣ ዓኢሻ ላይ ተተክሏል። የዝና ያን አስተያየት አወቀችው። ለወራት በሰጠኝ መቃብር ላይ ስታየው የኖረችው እንዲሁ ነው። ሴትየዋን ጠላቻት፤ ራሷን አይታ የጠላች ያህል ጠላቻት።

ከበርጩማዋ ተነሣች። ነጠላዋ ወደቀ፤ ቢላዋው ወጣ። ሴቶች «እሪ!» አሉ፤ ማዶ ጦር ተነሣ። አባ ገብረ ሥላሴ ግን ከድንጋዩ አልተነሣም፤ አንገቱን ብቻ ደፋ።

«አንቺ ሴትዮ!» ብላ ጮኸች የዝና፣ ቢላዋውን ወደ ማዶ ቀስራ። «ሴት ልጅሽን ውሰጂ! ዓኢሻ፣ ሂጂ፣ ጥፊልኝ ከፊቴ! ወንዱ ግን አይሄድም። ልጅሽ ነው ብላችሁ በማር አልሰጣችሁኝም? የእኔ ልጅ እናቱን ትቶ የትም አይሄድም። ከቤቴ ይገባል። ያርስልኛል። የሰጠኝን መደብ ሲያይ ያድራል። አንድ ቀን ደግሞ እገድለዋለሁ፤ መቼ እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው!»

አንድ የበርታ ሽማግሌ ነገሩን ለኡምኩልሱም በቋንቋቸው አስረዳት። ዓኢሻ ውሃውን እየተንቦጫረቀች ተሻግራ እናቷ እቅፍ ውስጥ ስትወድቅ፣ አሮጊቷ ማጭዱን ጥላ አለቀሰች። ወዲያው ግን ኻሚስን ፈልጋ ዓይኗ ተመለሰ። ያኔ አባ ተነሣ።

«እሱ እዚያ ከቀረ እኔም እዚህ እቀራለሁ!» ብሎ ተጣራ። «እትዬ፣ እኔን በሕይወት ከፈለግሽ እሱን በደኅና አኑሪልኝ። እሱን የነካሽ ዕለት እኔን ነክተሻል።»

«ቅር! እዚያው ቅር!» አለችው። ሁለቱም እልከኞች ናቸውና ቀሩ።

እንዲህ ሆነው ሰነበቱ። እሁድ እሁድ አባ ለቅዳሴ ሲሻገር ኻሚስም እናቱን ሊጠይቅ ይወርዳል፤ ወንዙ መሃል ይገናኙና ሰላምታ ተሰጣጥተው ይተላለፋሉ። በሌላው ቀን የዝና በጎረምሳው ላይ ስትጮህ ትውላለች። ሞፈር ቀንበር አያውቅም፤ በሬዎቹን ትቶ በዶማ ሲቆፍር አገኘችውና «እነዚህን በሬዎች ያሰርኩልህ ሊያጫውቱህ ነው?» አለችው። የክርስቲያን ሥጋ አልበላም ሲላት ደግሞ «ለደመኛዬ ለብቻው ሽሮ ልሥራ? ምን በወጣኝ!» ትላለች፤ ትላለችና ትሠራለች። ማታ ደጁ ላይ ሲሰግድ ፊቷን አዙራ ትጠብቀዋለች፤ ወጡ እንዳይቀዘቅዝ ድስቱን ትከድናለች። ቢላዋው አሁንም ከራስጌዋ ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ደገኞቹን ሲፈጅ የነበረው ንዳድ የአገሩን ልጅ ያዘው። ኻሚስ የሰጠኝ መደብ ላይ ተዘርሮ ጥርሱን ያንቀጫቅጭ ጀመር። ጎረቤቷ አጸደ መጥታ አየችውና በሹክሹክታ «ተመስገን በይ እንጂ። እግዜር ራሱ ደምሽን ሊመልስልሽ ነው። ውሃ አትስጪው፤ ተይው፣ ይሂድ» አለቻት።

የዝና ማማሰያውን አንሥታ ተነሣችባት። «ውጪ! ውጪ ከቤቴ! ንዳድ ማን ስለሆነ ነው የሚወስድብኝ? እኔ አለሁ አይደለም? የእኔን ደም የምመልሰው እኔ ነኝ፣ ማንም አያግዘኝ!» አጸደ እየሮጠች ወጣች።

የዝና በዚያው እልኋ ወንዙ ድረስ ወረደች። ውሃው ሞልቶ ይጮሃል፤ እሷ ከውሃው በላይ ጮኸች። «ኡምኩልሱም! ኧረ ኡምኩልሱም! ነይ፣ የአገራችሁን መድኃኒት ይዘሽ ነይ፣ ልጃችን ታሟል!» ምን እንዳለች የገባት ወደ ቤት ስትመለስ ነው፤ ተናደደችና ምራቋን ተፋች።

አባና ጎረምሶቹ አሮጊቷን በገመድ አሻገሯት። ሁለቱ ሴቶች በሽተኛውን ከግራና ከቀኝ ይዘው ተቀመጡ። ቋንቋ አይግባቡም። አንዷ ሥር ቀቅላ ላጠጣው ትላለች፣ አንዷ አጥሚት፤ አንዷ ይልበስ ትላለች፣ አንዷ ይገለጥ። እጅ ለእጅ ተያይዘው በአንድ ጋቢ ሲጓተቱ አባ ገብረ ሥላሴ ከበር ላይ ሆኖ አያቸው። አስታርቃለሁ ብሎ አልገባም። ደጁ ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ንዳዱ ለቀቀው። አንድ ጠዋት ኻሚስ ዓይኑን ሲገልጥ የዝና ብቻዋን አጠገቡ ነበረች፤ ጠጉሯ ተንጨፍርሮ፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ በአንድ እጇ የአጥሚት ዋንጫ ይዛ።

«እናቴ፣» አለ በደከመ ድምፅ፣ «መቼ ነው የምትገድለኝ?»

የዝና ከሲታ አንገቱን አየችው። ከዚያ ዋንጫውን ወደ አፉ አስጠጋች።

«ምን ያስቸኩልሃል? ማሽላው ገና አልታጨደም» አለችው። «ጠጣ።»